የሾላ ጫፍ አሥራ ሁለት ቃላት

በጣና ምዕራብ ዳርቻ ባሉ ወደቦች ሰው ከሰው ሲካሰስ ሽማግሌዎች ጣል የሚያደርጉት አንድ አባባል አለ። ከተማ ያሉ አንዳንድ ሰዎች ሰምተውት «የአባቶቻችን ጥበብ» እያሉ ሲያሞካሹት ይውላሉ። የአባቶች አይደለም። ገና አራት ዓመቱ ነው። ከጥበብም አልተወለደም፤ ከድንቁርናና ከፍርሃት ነው የተወለደው። ስንት ሰው ከጎረቤቱ ከተለያየ በኋላ እንደመጣ ሳያውቁ በአፋቸው የሚያላምጡት ስለበዙ፣ ታሪኩን አንድ ጊዜ በትክክል መናገር ይገባል።

ሾላ ጫፍ ስልሳ ያህል ዓሣ አስጋሪ የሚኖርባት ትንሽ ወደብ ናት። ሰዎቿ ወደ ሐይቁ የሚገቡት በደንገል ታንኳ ነው፤ ሁለት ሁለት ሆነው፣ አንዱ እየቀዘፈ አንዱ መረብ እየጣለ። ደንገል ውሃ ይጠጣል፣ ይከብዳል። ከሰዓት በኋላ የሚነሣው ነፋስ ታንኳውን መሀል ሐይቅ ላይ ካገኘው፣ ዳር ያለ ሰው ቆሞ ከማየት በቀር ምንም ማድረግ አይችልም። ይህ ነገር ከመሆኑ በፊት በነበረው ክረምት ሁለት ሰዎች እንዲሁ እየታዩ ሰጠሙ። አንዱ የወይዘሮ ይታይሽ ባል ነበር። ሌላው ሙጨ የሚባለው ጎልማሳ አስጋሪ ታናሽ ወንድም ነበር። ይታይሽ ባሏ እጁን ሲያነሣ በዓይኗ አይታለች። ሬሳቸው በሦስተኛው ቀን ወጣ፤ እድሩ ቀበራቸው።

ከቀብሩ በኋላ እድሩ ሞተር ያለው ጀልባ ለመግዛት መቆጠብ ጀመረ። ነፋስ ሲነሣ ሄዶ ሰው የሚያወጣ ጀልባ። ገንዘብ ያዥ ሆና የተመረጠችው ይታይሽ ነበረች። የእድሩ ዳኛ አያ ፈንታሁን «ይህ ብር ለምን እንደሆነ ከእሷ የበለጠ የሚያውቅ የለም» አሉ፤ የተቃወመም አልነበረም። ዓመቱን ሙሉ ከዓሣው እየቀነሱ አስቀመጡ። ነገር ግን ብሩ አንድ እርምጃ ሲራመድ የጀልባው ዋጋ ሁለት ይራመዳል። ግንቦት ሲገባ ያላቸው የጀልባውን ግማሽ እንኳ አይሞላም ነበር። ክረምቱ ደግሞ አንድ ወር ቀረው።

ምንተስኖት የመጣው በዚህ ጊዜ ነው። የሾላ ጫፍ ልጅ ነው፤ ባሕር ዳር ሞባይል ይጠግናል። ሌባ አልነበረም። ሌባ ቢሆን ይሻል ነበር፤ ሌባ ቢያንስ የሚሠራውን ያውቃል። ምንተስኖት ከሦስት ሳምንት በፊት የሰማውን ነገር ዕድሜውን ሙሉ እንደሚያውቀው አድርጎ የሚያስተምር ሰው ነበር፤ እንዲህ ያለው ሰው ዛሬም በየስልኩ ሞልቷል።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ እድሩ ዘወትር በሚሰበሰብበት ዓሣ በሚመዘንበት ቤት ቆሞ ተናገረ።

«የጀልባውን ብር ቢትኮይን ብንገዛበት በሁለት ወር እጥፍ ይሆናል። እኔ ራሴ ሦስት ሺህ ብር አስገብቼ በሃያ ቀን አምስት ሺህ ሆኖልኛል።»

አያ ፈንታሁን «ይህ ቢትኮይን የምትለው ገንዘብ የት ነው የሚቀመጠው?» ሲሉ ጠየቁት።

«የትም አይቀመጥም አያ። ኢንተርኔት ላይ ነው ያለው።»

«ዋሱስ ማን ነው?»

«ዋስ የለውም። ዋስ የማያስፈልገው ገንዘብ ነው።»

ከኋላ አንዱ «እንግዲያው ከሚስቴ ይሻላል! እሷ ለጨው ብር ስጠይቃት እንኳ ዋስ ጥራ ትለኛለች» አለ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

በሳቁ መሀል የተነሣው መምህር ታድሎ ነው። አባቱ አስጋሪ ስለነበሩ የእድሩ አባል ነው፤ በወረዳው ከተማ ሒሳብ ያስተምራል። «እኔ አትግቡ አላልሁም» አለ። «ሳታውቁ አትግቡ ነው የምለው። የዚህ ነገር ዋጋ ዛሬ ወጥቶ በሳምንቱ ግማሽ ሊሆን ይችላል። እጥፍ ይሆናል ብሎ የሚምልላችሁ ሰው ወይ አያውቅም ወይ ይዋሻል። ቢጠፋ የሚመልስላችሁ ባንክ የለም፤ ሕጉም ከጀርባችሁ አይቆምም። ሰው እዚህ ውስጥ የሚያስገባው ቢጠፋ ቤቱ የማይፈርስበትን ብር ነው፤ የጀልባው ብር እንደዚያ ያለ ብር ነው ወይ? ሦስት እሑድ ስጡኝ። እኔም የማላውቀውን አጥንቼ፣ አብረን እንማር።»

ሙጨ ብድግ አለ። «መምህር፣ ይህ ሁሉ እውቀትህ ደመወዝህን ስንት ብር አሳደገልህ?»

እንደገና ተሳቀ። ሙጨ ግን አልሳቀም። «ነፋሱስ ሦስት እሑድ ይጠብቀናል? ወንድሜን ሲወስደው ቀጠሮ አልሰጠንም።»

ሳቁ በአንድ ጊዜ ቆመ። ሁሉም በበሩ በኩል ወደ ውሃው አየ። ከዚያ በኋላ ይገዛ ብለው የተነሡት እጆች በስግብግብነት አልተነሡም፤ ሾላ ጫፍን ስግብግብ የሚሉ ሰዎች ውሸታቸውን ነው። እጁን ያነሣው ፍርሃት ነው። የፈራ ሰው ደግሞ «ቶሎ በል» የሚለውን እንጂ «ቆይ፣ ተማር» የሚለውን አይሰማም።

መምህር ታድሎ ኮቱን አንሥቶ ወጣ። በሚቀጥለው እሑድ አልመጣም፤ ከዚያም በኋላ እንዲሁ። የተሰደበ ሰው ማኩረፍ መብቱ ነው ብለው የሚከራከሩለት አሉ። የሚያውቅ ሰው የማያውቁት ገደል ሲገቡ እያየ ቤቱ ቁጭ ብሎ ማኩረፉ መብት ከተባለ፣ እውቀት ለምን ይጠቅማል?

ሰኞ ዕለት ምንተስኖትና ይታይሽ ከባንክ ብሩን አወጡ። ለእድሩ በተገዛች ስልክ ላይ ቢትኮይኑ ተገዛ፤ ስልኳም ይታይሽ ዘንድ ቀረች። ስልኳ ላይ የተጫነው የቢትኮይን መያዣ መጀመሪያ ሲከፈት አሥራ ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት አሳየ፤ ከሥራቸው ረጅም ማስጠንቀቂያ ነበረ። ምንተስኖት ማስጠንቀቂያውን አላነበበም። ረዘመበት። «ቀጥል» የሚለውን ነካና አለፈው።

«እትዬ ይታይሽ፣ እነዚህን ቃላት በወረቀት ይጻፏቸው። ከጠፉ ገንዘቡም ጠፋ ማለት ነው።»

«ቃል ሲጠፋ ገንዘብ እንዴት ይጠፋል?»

«አሠራሩ እንዲህ ነው።»

አሠራሩ እንዲህ ነው! ሰው የማያውቀውን ነገር ሲጠየቅ የሚሸሸግባት ዋሻ ይህች ናት። የነገራት እውነት ነበር፤ ግን ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ ያላነበበው ማስጠንቀቂያ ውስጥ ቀረ።

ይታይሽ ወረቀቱን አጥፋ በመቀነቷ ቋጠረችው። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እንቅልፍ አጣች። ውሃ ስትቀዳ ወረቀቱን ትዳስሳለች፤ ዓሣ ስትበልት እጇን ጠርጋ ትዳስሳለች። ብታመምስ? ቤቱ ቢቃጠልስ? ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ በላችው ቢሉስ?

ይህን የምትፈራበት ምክንያት ነበራት። ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት አንድ ገንዘብ ያዥ የእድሩን ብር ይዞ ሁመራ ገብቶ ቀርቷል። ከዚያ ወዲህ የሾላ ጫፍ እድር አንድ ጥብቅ ደንብ አለው፤ በእድሩ ውስጥ አንድ ሰው ብቻውን የሚያውቀው ነገር አይኖርም። ማንኛውም ወረቀት እሑድ በጉባኤ ፊት ይነበባል፤ ተነብቦም ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። መልካም ደንብ ነው። እድሩን አሥራ አምስት ዓመት ከሌባ ጠብቋል። ሐቀኛ ሰዎች ለሐቀኝነት ያወጡት ደንብ ነው፤ ያጠፋቸውም እሱ ነው።

እሑድ ይታይሽ ተነሣች። «ይህን ወረቀት ብቻዬን መያዝ አልችልም። ደንቡም አይፈቅድልኝም» አለች። አያ ፈንታሁን ራሳቸውን በአድናቆት ነቀነቁ። ቃላቱን አንድ በአንድ አነበበች፤ ያስቸገራትን ፊደል እየቆጠረች። ምንተስኖት ትርጉማቸውን ይናገራል።

«ይሄኛው ድልድይ ማለት ነው። ይሄ ሽንኩርት።»

«ወጥ ሊሠሩልን ነው!» አለ አንዱ።

«ይሄ ደግሞ አህያ።»

«አህያም አለበት?»

«አለበት።»

«እንግዲያው በደንብ ያውቁናል!»

አሥራ ሁለቱ ቃላት በካርቶን ላይ በትልቁ ተጽፈው፣ ከዓሣው ሚዛን በላይ ተለጠፉ። የቻለ በእጁ ገለበጠ፤ ሌላው በሞባይሉ ፎቶ አነሣ። ይታይሽ ያን ዕለት እፎይ ብላ ተኛች።

ለስምንት ቀን ዋጋው ወጣ። በአምስተኛው ቀን ትንሽ ወርዶ ነበርና ሃያ ሰው ደጇ ላይ ተኮለኮለ፤ በማግስቱ ተመልሶ ሲወጣ እነዚያው ሰዎች «ዱሮስ ምን ሊሆን ነው» እያሉ ሄዱ። ለምን እንደወረደ የጠየቀ አልነበረም። ለምን እንደወጣም የጠየቀ አልነበረም።

ረቡዕ ጠዋት፣ ፀሐይ ሐይቁ ላይ ስታበራ፣ ይታይሽ ስልኳን ከፈተች። ቁጥር በነበረበት ቦታ ዜሮ አለ።

ዘጋቻት። በነጠላዋ ጠረገቻት። እንደገና ከፈተቻት። ዜሮ።

የሮጠችው ወደ ምንተስኖት ነው። በዚያ ሳምንት እናቱ ዘንድ ነበር። «ኔትወርክ ይሆናል» አለ፤ ስልኩን ተቀበላትና ነካካ። ከዚያ እጁ ቆመ።

«ወጥቷል» አለ።

«ማን አወጣው?»

«ስም የለውም።»

«የት ሄደ?»

አሳያት። አንድ ረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር ነው፤ መጀመሪያውና መጨረሻው የማይገናኝ።

«ይሄ ሰው ነው?»

«ሰው ነው። ግን… ማን እንደሆነ አይታወቅም። የት እንዳለም አይታወቅም። የትም ሊሆን ይችላል እትዬ።»

ይታይሽ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። አንዲት ሴት የታጠበ መረብ ታሰጣለች። ሁለት ሰዎች ታንኳ ወደ ውሃው ይገፋሉ። አንድ ሽማግሌ ሰላም ሊሏት እጃቸውን አነሡ። የትም ሊሆን ይችላል። እነዚህም ሊሆኑ ይችላሉ። መሬት ላይ ተቀመጠች።

የባሕር ዳሩ ሚኒባስ ሊነሣ ጥሩምባውን ይነፋ ነበር። ተሳፍራ መጥፋት ትችላለች። ከሄደች ግን እንደ ሁመራው ሰውዬ በላች ተብሎ ይቀራል፤ ከቀረች ደግሞ ማን ያምናታል? ሚኒባሱ እስኪሄድ ዓይኗን ጨፍና ቆየች። ከዚያ ተነሥታ ወደ አያ ፈንታሁን ቤት ሄደች፤ እግራቸው ሥር ወድቃም ነገረቻቸው።

በማግስቱ ከሠላሳው ታንኳ ሃያው ሳይወጣ ዋለ። ታንኳ የሁለት ሰው ነው። ሁለቱ ካልተማመኑ ደግሞ ሐይቁ መሀል ማንም አያያቸውም። «እኔ ከሱ ጋር አልወጣም» አለ አንዱ ለሚስቱ። «እሱ ከሆነስ የወሰደው? የጠረጠርሁት መስሎት ቢገፋኝስ?» ያኛውም በቤቱ ይህንኑ ይል ነበር። አሥር ዓመት አብረው የቀዘፉ ሰዎች በመንገድ ሲገናኙ አንገታቸውን አዞሩ። አንዱ አዲስ ጫማ ቢያደርግ ሌላው እግሩን ተከትሎ ያያል። አንዲት ሴት ለልጇ መድኃኒት የገዛችበትን ደረሰኝ በየቤቱ እየዞረች አሳየች፤ የጠየቃት ግን አልነበረም።

ቅዳሜ እድሩ አውጫጭኝ ጠራ። ንብረት ሲጠፋ ሰፈሩን ሁሉ አንድ ቦታ ሰብስቦ፣ ሌባው እስኪታወቅ ማንም እንዳይወጣ የሚከለክል የቆየ ልማድ ነው። በሩ ተዘጋ። ምንተስኖት ሸሚዙ ተቀዶ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ይታይሽ መሀል ላይ ብቻዋን ቆማለች።

መጀመሪያ የተናገረው ሙጨ ነው። «ስልኩ ያለው እሷ ዘንድ ነው። ገንዘቡን ከእሷ በቀር የነካው የለም። ስሟ ከእድሩ ይሰረዝ! ታማ ጠያቂ፣ ሞታ ቀባሪ አይኑራት!»

በዚያ አገር ከዚህ የሚብስ ፍርድ የለም። እስር ያልቃል፤ ዕዳ ይከፈላል። ቀባሪ ያጣ ሰው ግን በቁሙ የሞተ ነው። ይታይሽ ልጅ የላትም፤ ባሏን ያወጣላት፣ ያጠበላትና የቀበረላት ይህ እድር ነው።

«ሙጨ» አለች፤ «ባሌና ወንድምህ በአንድ ታንኳ ነው የሞቱት።»

«ለዚያ ነው ያቃጠለኝ!»

«ደንቡ አንብቢ ብሎኝ አነበብሁ። ከናንተ የደበቅሁት አንድ ቃል የለም። አንድ!»

«ይሰረዝ!» አለ አንዱ። «ይሰረዝ!» አለ ሌላው። ጸሐፊው መዝገቡን ገለጠ።

በሩ የተንኳኳው ያኔ ነው። የቆመው መምህር ታድሎ ነበር። ይታይሽ አርብ ዕለት በእግሯ ወረዳ ድረስ ሄዳ ለምናው ነበር። ገባና ከሚዛኑ በላይ የተለጠፈውን ካርቶን አየ።

«ይህ ከመቼ ጀምሮ ነው እዚህ ያለው?»

«ከሁለት ሳምንት ወዲህ» አሉ አያ ፈንታሁን።

«ሲነበብ የሰማችሁ እጃችሁን አውጡ።»

የሁሉም እጅ ወጣ።

«እንግዲህ ሁላችሁም ገንዘቡን ማውጣት ትችሉ ነበር» አለ መምህሩ። «እነዚህ ቃላት ደረሰኝ አይደሉም፤ ቁልፍ ናቸው። ቃላቱን የያዘ ሰው፣ ስልኩን ሳይነካ፣ ይታይሽን ሳያውቃት፣ ከዓለም ጫፍ ሆኖ ያወጣዋል። ለወዳጅ አይነገሩም፤ ፎቶ አይነሡም፤ ስልክ ውስጥ እንኳ አይጻፉም። የባንክ ምሥጢር ቁጥራችሁን እዚህ ግድግዳ ላይ ትለጥፋላችሁ?»

«እኛ የት እናውቃለን?» አለ አንዱ፣ እያለቀሰ።

«እናንተ አታውቁም። እኔ አውቅ ነበር።» መምህሩ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። «አኩርፌ ሄድሁ።»

ከዚያ ቀና አለ። «ከዚህ ቤት ውጭ ላለ ሰው የላከ አለ?»

ሙጨ፣ ከሁሉም ቀድሞ ይጮህ የነበረው ሰው፣ ወደ ግድግዳው እያፈገፈገ ነበር።

«ሙጨ?» አሉ አያ ፈንታሁን።

«እንዳይጠፋ ብዬ ነው» አለ ሙጨ። «ፎቶውን ለእህቴ ባል፣ መተማ… ያስቀምጥልኝ ብዬ። እሱ ደግሞ ምን ማለት እንደሆነ ቢጠፋው፣ ቴሌግራም ላይ ሺህ ሰው ያለበት ቦታ ለጥፎ ጠየቀ። ትናንት ነው የነገረኝ። እኔ የእናቴን አጥንት…»

አልጨረሰም። «ሌባው ተገኘ!» የሚል ጩኸት ቤቱን ሞላው። ወንበር ተገለበጠ። ቅድም በይታይሽ ላይ ይሰረዝ ሲሉ የነበሩት ሰዎች ሁሉ ዞረው ወደ እሱ ሄዱ፤ አንዱ ኮሌታውን ያዘው፤ አንዱ መቅዘፊያ አነሣ። የሙጨ ፊት ከጥቂት ደቂቃ በፊት የይታይሽ የነበረውን ፊት መሰለ። ጸሐፊው የ«መ»ን ገጽ ይፈልግ ነበር።

ይታይሽ ሰዎቹን እየገፋች ገብታ ከሙጨ ፊት ቆመች። «ተዉት» አለች። «እኔን ያደረጋችሁኝን እሱን አታድርጉት። እሱም እንደኔ የጠበቀው መስሎት ነው።»

አያ ፈንታሁን በዱላቸው ወለሉን ሦስት ጊዜ መቱ። ሽማግሌው ወደ መዝገቡ ሄደው ዘጉት፤ ሁለት እጃቸውንም በላዩ አሳረፉ።

«ሌባው እዚህ ቤት ይኑር አይኑር አላውቅም፤ እናንተም አታውቁም፤ ልናውቅም አንችልም» አሉ። «ቅድም ይታይሽን ልንሰርዝ ነበር። አሁን ሙጨን። የሚመጣው ቅዳሜ ማንን ልንሰርዝ ነው? እንዲህ ከቀጠልን መዝገቡ ያልቃል፤ የመጨረሻው ሰውም የሚቀብረው አያገኝም። ይታይሽ አልሰረቀችም። ሙጨም አልሰረቀም። የያዝነው ምን እንደሆነ ሳንጠይቅ የያዝነው እኛ ነን፤ ጥያቄ ያነሣውን ሰው በሳቅ ያባረርነውም እኛ ነን። ሰኞ ጠዋት ሁላችሁም ከየጓደኛችሁ ጋር በየታንኳችሁ ትወጣላችሁ፤ አልወጣም ያለ ካለ ከእኔ ጋር ይወጣል። ማታ ቤታችሁ ገብታችሁ እገሌ ነው፣ እገሊት ናት ማለት ሲያምራችሁ፣ ይህን ለራሳችሁ ንገሩት፤ ቁልፉን ያላወቀ፣ ጎረቤቴ ሰረቀ አለ።»